ከቬትናም ወንዞች የትኛውን ልምረጥ? የሽቶ ወንዝና ተፎካካሪዎቹ

ቬትናም ውስጥ ውሃ አይታጣም። ሰሜን ተራራው ላይም ሆነ ደቡብ ረግረጉ ውስጥ ወንዝ አለ፤ ወንዙ ዳር ደግሞ «ኑ ልውሰዳችሁ» የሚል ባለጀልባ አለ። የሚያስቸግረው ምርጫው ነው። አገሪቱ ከላይ እስከ ታች ከ1,600 ኪሎ ሜትር በላይ ትረዝማለች። የአንድ ሳምንት ፈቃድ ይዞ ሁሉንም ላዳርስ ያለ ሰው ግማሹን አውቶቡስና ባቡር ውስጥ ይጨርሰዋል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2025 ሐምሌ ላይ ወደ ሃኖይ መብረር ከጀመረ ወዲህ ጥያቄው ወደኛ ሰፈርም መጥቷል። ስለዚህ አምስት ወንዞችን ጎን ለጎን አድርጌ የሚመስለኝን ልንገራችሁ። (ዓመታቱና ወራቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ፍርዴን አልደብቅም። ለዓይን ብቻ ከሆነ በሁዌ ከተማ መሀል የሚያልፈው የሽቶ ወንዝ አንደኛ አይወጣም። ኒን ቢን ይበልጠዋል። ሃ ዛንግማ በጣም ይበልጠዋል። ወንዙ ዳር ማን እንደነገሠ፣ ማን እንደጸለየ፣ ማን እንዳዜመ ማወቅ ለሚወድ ሰው ግን የሚስተካከለው የለም። አንድ ወንዝ ብቻ ለማየት ጊዜ ካላችሁ እሱን እዩ። ግን በትክክለኛው ሰዓትና በትክክለኛው ጀልባ። አብዛኛው ጎብኚ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

የሽቶ ወንዝ፣ ሁዌ

ወንዙ ትልቅ አይደለም፤ ርዝመቱ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። በምዕራብ በኩል ካሉት ተራሮች በሁለት ገባር ይወርዳል። ገባሮቹ ከከተማው በላይ ይገናኙና ውሃው ረጋ ብሎ በሁዌ መሀል አልፎ ወደ ባሕር ይገባል። ስሙን ያገኘው ከላይ ከጫካውና ከአትክልቱ ውሃው ላይ በሚረግፉ አበቦች ነው ይባላል። ሽታውን ፈልጋችሁ ከጀልባው ብታጎነብሱ ግን የሚሸታችሁ ናፍጣ ነው። እሱን ከወዲሁ እወቁት።

የንጉዬን ሥርወ መንግሥት ከ1802 እስከ 1945 አገሪቱን የገዛው ከዚህች ከተማ ነው። የመጀመሪያው ንጉሥ ዛ ሎንግ ግንቡን በ1805 ማሠራት ጀመረ፤ ልጁ ሚን ማንግ በ1832 አስጨረሰው። የግንቡ ዙሪያ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቦታው የተመረጠው በፌንግ ሹይ፣ ማለትም የመሬትና የውሃ አቀማመጥ የአገርን ዕድል ይወስናል በሚለው እምነት ነው። ቤተ መንግሥቱ ፊቱን ወደ ወንዙ ሰጥቷል። ከወንዙ ማዶ ያለው ንጉ ቢን ኮረብታ ክፉ እንዳይገባ እንደ መጋረጃ ቆሟል። ወንዙ ውስጥ ያሉት ሁለት ደሴቶች ደግሞ ዘብ ናቸው፤ አንዱ ዘንዶ፣ ሌላው ነብር። ይህን ካወቃችሁ በኋላ ድልድዩ ላይ ቆማችሁ ስታዩት ወንዙ በከተማ መሀል የሚያልፍ ውሃ ብቻ መሆኑ ይቀራል። ነገሥታቱ የዙፋናቸው አካል አድርገው ነው የቆጠሩት። ሚን ማንግ በ1830ዎቹ ካስቀረጻቸው ዘጠኝ ግዙፍ የነሐስ ጋኖች በአንዱ ላይ ምስሉ ተቀርጿል። ጋኖቹ ዛሬም ግቢው ውስጥ ተደርድረው ይገኛሉ፤ እያንዳንዳቸው ሁለት ቶን ገደማ ይመዝናሉ። የሁዌ ቅርሶች በ1993 በዩኔስኮ ሲመዘገቡ ለቬትናም የመጀመሪያው የዓለም ቅርስ ነበሩ።

ከግንቡ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ ላይ፣ ወንዙ በሚታጠፍበት ከፍታ ላይ፣ የቲየን ሙ ፓጎዳ ቆሟል። ታሪኩ እንዲህ ነው። አንዲት አሮጊት ሴት በዚህ ኮረብታ ላይ ትታይ ነበር፤ «አንድ ጌታ መጥቶ እዚህ ፓጎዳ ይሠራል፣ አገሩም ይበለጽጋል» ትል ነበር አሉ። ንጉዬን ሆዋንግ የሚባለው ገዥ ይህን ሰማና በ1601 ፓጎዳውን ተከለ። ሰባት ፎቅ ያለው ባለ ስምንት ማዕዘን ግንብ የመጣው ዘግይቶ፣ በ1844 ነው። ቁመቱ 21 ሜትር ነው። ጎብኚው እሱን ፎቶ ያነሳና ወደ ጀልባው ይሮጣል። እናንተ አትሩጡ። ከኋላ፣ ከግቢው በስተ ውስጥ፣ አንዲት ውሃ ሰማያዊ ኦስቲን መኪና ቆማለች። አሮጌ የቤት መኪና ናት፣ ምንም ጌጥ የላትም። ቲክ ኳንግ ዱክ የተባሉት መነኩሴ በ1963 ሰኔ ላይ ሳይጎን መንታ መንገድ ላይ ራሳቸውን በእሳት ሲያቃጥሉ የሄዱት በዚህች መኪና ነው። ተቃውሟቸው በወቅቱ መንግሥት የቡድሃ እምነት ተከታዮች ላይ ይደርስ የነበረውን በደል ነበር። ዓለምን ባስደነገጠው ፎቶ ላይ ከኋላቸው የምትታየውም እሷው ናት።

ወደ ላይ ብትቀጥሉ ገደል ላይ የተለጠፈ የሚመስል ቤተ መቅደስ ታያላችሁ፤ ሆን ቼን ይባላል። የሚመለክባት እመቤት ከቬትናሞች በፊት አካባቢው የነበሩት የቻም ሕዝቦች አምላክ ነበረች። ቬትናሞች ስሟን ለወጥ አድርገው ወሰዷት። በጨረቃ አቆጣጠር በሦስተኛውና በሰባተኛው ወር በዓሏ ሲከበር ጀልባዎች እርስ በርስ ተያይዘው፣ ባንዲራና ዣንጥላ ተሸክመው በወንዙ ይወጣሉ። መንፈስ ያደረባቸው ሰዎች በከበሮ ይጨፍራሉ። ይህ የእናት አማልክት አምልኮ በ2016 ዩኔስኮ መዝገብ ገብቷል። ጉዟችሁ ከበዓሉ ጋር ከገጠመ ሌላውን ፕሮግራም ሁሉ ሰርዙ።

ከዚያም የነገሥታቱ መቃብሮች አሉ። መቃብር ሲባል አንድ ሐውልት እንዳይመስላችሁ፤ እያንዳንዱ ሐይቅ፣ የአትክልት ስፍራና አዳራሽ ያለው ሰፊ ግቢ ነው። የሚን ማንግ ሁለቱ ገባሮች ከሚገናኙበት አጠገብ ነው፤ ጸጥ ያለና የተመጣጠነ። ቱ ዱክ የራሱን በ1860ዎቹ አሠርቶ በሕይወት እያለ እየሄደ ያርፍበት፣ ግጥም ይጽፍበት ነበር። የካይ ዲን ግን ኮንክሪት ነው፤ ከ1920 እስከ 1931 የተሠራ፣ ውስጡ በተሰባበረ ሸክላና መስታወት የተለበጠ። አንዳንዱ ይወደዋል። ለኔ በዛብኝ። ሦስቱንም በአንድ ቀን ማየት ያደክማል፤ ሁለት ይበቃል።

አሁን ወደ ማታው ጀልባ። ሁዌ የገባ ቱሪስት ሁሉ የሚሸጥለት የዘንዶ ራስ ባለው ጀልባ ላይ የሚቀርበው «ካ ሁዌ» የተባለው ዜማ ነው። ዜማው በራሱ ድንቅ ነው። ከቤተ መንግሥትና ከመኳንንት ቤት ወጥቶ ወደ ሕዝብ የወረደ ነው። ባለ 16 ክር በገና መሰል መሣሪያ አለ፤ አንድ ክር ብቻ ያለው ዳን ባውም አለ፤ መሲንቆ የለመደ ጆሮ ቶሎ ይይዘዋል፣ ምንም እንኳ የሚመታው በትንሽ የእንጨት መምቻ ቢሆንም። ልብ ብላችሁ የዘፋኟን እጅ እዩ። በየእጇ ሁለት ሁለት ትንንሽ የሻይ ስኒ ይዛ በጣቶቿ መሀል እያጋጨች ምቱን ትጠብቃለች። ስኒው ሲጋጭ ድምፁ ስስ ነው፤ ጀልባው ሞተሩን ካላጠፋ አይሰማም። ችግሩም ይኸው ነው። ብዙዎቹ ጀልባዎች በሰው ይጨናነቃሉ፣ አጠገባቸው ሌላ ጀልባ በድምፅ ማጉያ ይዘፍናል። መጨረሻ ላይ ሻማ ያለበት የወረቀት ፋኖስ ውሃው ላይ እንድትለቁ ይሰጣችኋል። ደስ ይላል፣ ግን ለዚያ ብቻ ብላችሁ ሁዌ አትሂዱ። የቤተ መንግሥቱ ሙዚቃ ሌላ ነው፤ ዩኔስኮ በ2003 ዕውቅና የሰጠው እሱን ነው። እሱን ለመስማት ግንቡ ውስጥ ወዳለው አሮጌ ቲያትር ቤት ግቡ። ሙዚቃ ለሚወድ ሰው ከማታው ጀልባ ይልቅ ይህን እመርጣለሁ።

ቱ ቦን፣ ሆይ አን

ሁዌን ከሚፎካከሩት ሁሉ ቅርቡ ይህ ነው፤ በቦታም በጠባይም። ሆይ አን ከ15ኛው እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን የንግድ ወደብ ነበረች። ጃፓኖች፣ ቻይናዎችና አውሮፓውያን በቱ ቦን ወንዝ እየገቡ ሐርና ሸክላ ይገዙ ነበር። ጃፓኖቹ የሠሩት ክዳን ያለው ድልድይ አሁንም አለ፤ ረጅም እድሳት ተደርጎለት በ2024 ተከፍቷል። ከዚያ ወንዙ በደለል ተሞላ፣ ትልልቅ መርከቦች መግባት አቃታቸው፣ ንግዱ ወደ ዳ ናንግ ሄደ። ከተማዋ ሳትፈርስና ሳትታደስ የቀረችው በዚህ ምክንያት ነው። ደለሉ ነጋዴውን ቢያባርርም ቤቶቹን አተረፈ።

ልዩነቱ ይህ ነው፦ ሁዌ ወንዙ ለንጉሥና ለአምላክ ነበር፤ ሆይ አን ለገበያ ነበር፣ ዛሬም ለገበያ ነው። ማታ ፋኖሱ ሲበራ ውብ ነው፤ ፎቶ ለሚወድ፣ ከፍቅረኛው ጋር ለሄደ፣ ልብስ በልኩ ማሰፋት ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ የለም። ግን ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ ወንዙ ላይ ጀልባ ከጀልባ ይላተማል። ዳርቻው ላይ በየሁለት እርምጃው ፋኖስ ግዙ የሚል አለ። ጸጥታ ከፈለጋችሁ ጠዋት በሳይክል ወደ ታን ሃ የሸክላ ሠሪዎች መንደር ውጡ። ወይም ወደ ምዕራብ፣ ቻሞች ከ4ኛው እስከ 13ኛው ክፍለ ዘመን ቤተ መቅደሶቻቸውን ወደተከሉባት ሚ ሰን ሂዱ። ሸክላ ጡብ ነው ሁሉም፤ በጦርነቱ ቦምብ ብዙው ፈርሷል። ሆይ አንም ሚ ሰንም በ1999 ነው የተመዘገቡት።

ኒን ቢን

ለዓይን ብቻ ከተባለ ምርጫዬ እዚህ ነው። ከሃኖይ በስተ ደቡብ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በመኪና ሁለት ሰዓት። የኖራ ድንጋይ ተራሮች ከሩዝ ማሳ መሀል ቀጥ ብለው ይነሳሉ፣ ወንዙ በሥራቸው ባሉ ዋሻዎች ውስጥ ያልፋል። ታም ኮክ ላይ ቀዛፊዎቹ በእግራቸው ነው የሚቀዝፉት። ወደ ኋላ ደገፍ ይሉና በውስጥ እግራቸው መቅዘፊያውን ይገፋሉ፣ እጃቸው ባዶ ስለሆነ ስልክ ሲያወሩ ታዩአቸዋላችሁ።

እዚህ ሌላ ምርጫ አለ፦ ታም ኮክ ወይስ ትራንግ አን? ግንቦት መጨረሻ ላይ ከሄዳችሁ ታም ኮክ፤ ሩዙ ወርቅ መስሎ የወንዙን ግራና ቀኝ ይሞላል። በሌላው ወቅት ትራንግ አን። መንገዱ ክብ ስለሆነ በሄዳችሁበት አትመለሱም፣ ዋሻው ብዙ ነው፣ ሻጭም አያስቸግርም። በ2014 በባህልም በተፈጥሮም ተመዝግቧል፤ በደቡብ ምሥራቅ እስያ እንዲህ በሁለቱም ሲመዘገብ የመጀመሪያው ነው። ባህሉም ባዶ አይደለም። ሆዋ ሉ የምትባለው የ10ኛው ክፍለ ዘመን ዋና ከተማ እዚሁ ነበረች። ዲን ቦ ሊን በ968 የነገሠው ተራራውን እንደ ቅጥር ተጠቅሞ ነው። በ1010 መናገሻው ወደ ዛሬዋ ሃኖይ ሄደ። ግን ለኔ እዚህ ታሪኩ ከተራራው ኋላ ይቀራል፤ ሰው የሚመጣው ለተራራው ነው።

ሜኮንግ፣ ካን ቶ

ሜኮንግን ከሌሎቹ ጋር ማወዳደር ትንሽ ያስቸግራል። ከቲቤት አምባ ተነስቶ ስድስት አገር የሚያካልል፣ ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሄድ ወንዝ ነው። ቬትናም ሲደርስ ተበታትኖ ዴልታ ይሆናል፤ የአገሩ ሰው ዘጠኙ ዘንዶ ይለዋል። ካን ቶ ከተማ ላይ ካይ ራንግ የተባለ ተንሳፋፊ ገበያ አለ። ነጋዴው የሚሸጠውን ዕቃ ረጅም ቀርከሃ ላይ ሰቅሎ ያቆማል፤ አናናስ ከተሰቀለ አናናስ፣ ዱባ ከተሰቀለ ዱባ። ልብስ ከተሰቀለ ግን ታጥቦ ነው፣ አትጠይቁ።

እውነቱን ለመናገር ገበያው እየከሳ ነው። መንገዱና ድልድዩ ሲሠራ ነጋዴው ወደ መኪና ዞረ። በቆዩ ፎቶዎች ላይ ያያችሁትን ያህል ጀልባ ጠብቃችሁ ከሄዳችሁ ታዝናላችሁ። የሚሻለው ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነስቶ ትልቁን ገበያ ቶሎ አይቶ፣ ቀሪውን ጠዋት በትንንሾቹ ቦዮች ውስጥ መዋል ነው። ምግብ ለሚወድ፣ የሰው ኑሮ ለሚያይ ሰው ጥሩ ነው። ገጽታው ግን ሜዳና ቡናማ ውሃ ነው።

ኞ ክዌ፣ ሃ ዛንግ

ይህን ባጭሩ። የቻይና ድንበር አጠገብ፣ ከማ ፒ ሌንግ መተላለፊያ ሥር፣ እጅግ ጥልቅ ሸለቆ ውስጥ የሚወርድ አረንጓዴ ወንዝ ነው። ከላይ ሲታይ ቃል ያሳጣል። አምባው በ2010 የዩኔስኮ ጂኦፓርክ ሆኗል፤ የህሞንግ ሕዝብ አገር ነው። ግን ከሃኖይ በመንገድ ብቻ ነው የሚደረስበት፣ ጠመዝማዛው ያስፈራል፣ ለመሄጃና ለመመለሻ ቢያንስ ሦስት አራት ቀን ይበላል። በክረምት ዝናብ ውሃው ይደፈርሳል፣ መንገዱም ይናዳል። ሞተር ብስክሌት የሚችል ወጣት ይሂድበት። እናቱን ይዞ የሄደ ሰው ይተወው።

እንግዲህ ማን የትኛውን?

ሃኖይ ላይ ሁለት ቀን ብቻ የምትቆዩ፣ ምናልባት ለስብሰባ ወይም ለንግድ የሄዳችሁ ከሆነ ኒን ቢን ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ ይቻላል። ሌላውን እርሱት። ልጆች ካሏችሁ ሆይ አን፤ የባሕር ዳርቻውም ቅርብ ነው። ሳይጎን ሥራ ያለው ሰው ካን ቶን ያክል።

አምስት ቀንና ከዚያ በላይ ያለው ሁዌን ከሆይ አን ጋር ያጣምር። በሁለቱ መሀል ያለው የሁዌና ዳ ናንግ ባቡር በሃይ ቫን ተራራ ሥር ባሕሩን እየታከከ ያልፋል። ከሁዌ ስትነሱ በግራ በኩል ተቀመጡ። ቅደም ተከተሉም ለውጥ አለው፦ ሁዌን አስቀድሙ። ከሆይ አን ፋኖስ በኋላ ሁዌ ደብዛዛ ይመስላችኋል፤ በሁዌ ካለፋችሁ በኋላ ግን ሆይ አን ማረፊያ ይሆናል።

ሁዌ ላይ እኔ የምመክረው እንዲህ ነው። ጠዋት በማለዳ ጀልባ ተከራዩ፣ ወደ ላይ ቲየን ሙን፣ ሆን ቼንን፣ የሚን ማንግን መቃብር ይዛችሁ ውጡ። ከመሳፈራችሁ በፊት የትኞቹ ላይ እንደሚቆም፣ ስንት ሰዓት እንደሚጠብቅ ተነጋገሩ፤ የመግቢያ ትኬት ብዙ ጊዜ ከጀልባው ሒሳብ ውጪ ነው። ጀልባው ላይ ምሳ ይሰጣል ሲሏችሁም ዋጋው ገብቶ እንደሆነ ጠይቁ፣ መሀል ወንዝ ላይ የመጣ ሒሳብ አያስከራክርም። ፀሐይ ሲበርድ ደግሞ በሳይክል ዳርቻውን ሂዱ። ትራንግ ቲየን የተባለው የብረት ድልድይ ከ1899 ጀምሮ አለ፤ አውሎ ነፋስ ጥሎታል፣ በ1968ቱ ጦርነትም ፈርሶ ነበር፣ ደጋግሞ ተጠግኗል። ማታ ማታ ከተማው ሁሉ እዚያ ነው አየር የሚቀበለው። ለዚህ ደግሞ አይከፈልም።

ስለ ምግብ አንድ ነገር፣ በተለይ ለጾመኛ። ሁዌ የፓጎዳ ከተማ ስለሆነች ከሥጋ ነፃ ምግብ ሞልቷል። ምልክቱ ላይ «ቻይ» የሚለውን ፈልጉ። በጨረቃ ወር መጀመሪያና በ15ኛው ቀን ብዙው የአገሬው ሰው ራሱ ይህንኑ ይበላል። ተራ ምግብ ቤት ውስጥ ግን አትክልት ብቻ ብትሉም የዓሣ ሶስ ይጨመርበታል፤ ቀድማችሁ ተናገሩ። ጾም ላልያዘው ከወንዙ ደለል በምትለቀም ጥቃቅን ቀንድ አውጣ መሰል ፍጥረት የሚሠራው ሩዝ አለ፣ ኮም ሄን ይባላል፤ ያቃጥላል። ቡናውን ደግሞ በጨው ይጠጣሉ። ሁዌ ውስጥ በ2010 የተጀመረ ነው፣ ጨው የገባበት ክሬም ከላይ ይደረጋል። በጨው ቡና መጠጣት ለኛ አገር ሰው ብርቅ ስላልሆነ ብዙ አያስደነግጣችሁም።

ቪዛ ቀላል ነው። ከ2023 ነሐሴ ጀምሮ ቬትናም ለሁሉም አገር ፓስፖርት በኢንተርኔት ቪዛ ትሰጣለች፤ እስከ 90 ቀን፣ ለአንድ መግቢያ 25 ዶላር። የመንግሥቱን ድረ ገጽ ተጠቀሙ፣ መሀል ገብተው እጥፍ የሚያስከፍሉ ብዙ ናቸው።

ወቅቱ ግን ሁሉንም ይገለብጣል። ሁዌና ሆይ አን ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ያምራሉ። ከግንቦት እስከ ነሐሴ ሙቀቱ ከባድ ነው፤ ጠዋትና ማታ ብቻ ነው የሚወጣው። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ማለቂያ ዝናቡና ጎርፉ ነው። በ1999 ኅዳር የሽቶ ወንዝ ሞልቶ ሁዌን አጥለቅልቆ ብዙ ሰው ገድሏል፤ ሆይ አንም በየጊዜው ይሰምጣል፣ የቤቶቹ ግድግዳ ላይ የየዓመቱ የውሃ ልክ ምልክት ተደርጎ ታያላችሁ። ፈቃዳችሁ ጥቅምት ላይ ከወደቀ መካከለኛውን ቬትናም ተዉት። ያኔ ሃ ዛንግ ሰማዩ ይጠራል፣ ውሃውም ወደ አረንጓዴው ይመለሳል፤ መንገዱን ካልፈራችሁ እሱ ነው፣ ከፈራችሁ ደግሞ ኒን ቢን።